እቤቱ ይጠጣ ብዬ

ጥቅምት 6
ልብስ ሳጥብ ዋልኩ። የባሌ ሱሪ ጉልበቱ ላይ ተቀዷል። ቀለም ቀቢ ስለሆነ ያየው ሁሉ ሥራ ላይ የተቀደደ ይመስለዋል። ትናንት ከመጠጥ ቤት ሲወጣ ወድቆ ጎረቤት ነው ደግፎ ያመጣው። በሩን የከፈተችው ልጄ ናት። "እማዬ፣ አባዬን አመጡት" አለች፤ ዕቃ የመጣ ይመስል። አፈርኩ።

ጥቅምት 9
ዘዴ መጣልኝ። እቤቱ ለምን አይጠጣም? እዚሁ ከዓይኔ ሥር አንድ ሁለት ብሎ ይተኛል። ቦይ ውስጥ አይወድቅ፣ ሰው አይስቅበት። ከሱቅ ስመለስ ቢራ ይዤ ገባሁ። ደነገጠ።
"ምነው፣ ምን አጠፋሁ?"
ሳቅኩ። እሱም ሳቀ። አብረን ከሳቅን ስንት ጊዜያችን...

ጥቅምት 20
በጊዜ ይገባል። ዛሬማ ልጃችንን ሒሳብ አስጠናት። ለታላቅ እህቴ በኩራት ነገርኳት።
"አይ አንቺ! ከድጡ ወደ ማጡ" አለችኝ።
ቀናች እንዴ? የእሷ ባል ጠብታ አይቀምስም... ምን ያስቀናታል?

ኅዳር 3
ኤሌክትሪሺያን ጓደኛው አብሮት መጣ። "እህቴ፣ እንዳንቺ ያለች ሚስት ከየት ትገኛለች?" አለኝ። ሞኝ ነኝ፣ ደስ አለኝ። ብርጭቆ ጨመርኩ።

ኅዳር 11
አሁንማ ተጠራርተው ነው የሚመጡት። ሳሎኑ የእነሱ ሆኗል። ልጄ ማድ ቤት፣ የተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀምጣ ታጠናለች።
"ድሮ ቢያንስ እሱ እስኪመጣ ቤቱ የኛ ነበር" አለች።
ድምፅ ቀንሱ ልላቸው ወጣሁ። ባሌ በሰው ፊት፣ "ቆመሽ ምን ታያለሽ? አምጪ እንጂ!" አለኝ።
አመጣሁ... እኔው!

ኅዳር 12
ኤሌክትሪሺያኑ ልጄን "ነይ እስቲ ቅጂልን" አላት። አባቷ ሳቀ። ስትቀዳ ጠረጴዛው ላይ ደፋችው። ሁሉም ሳቁባት። በሩ ላይ ቆሜ አየሁ፤ ጨርቅ አምጥቼ ጠረጴዛውን ወለወልኩላቸው። ምን ይዞኝ ነው?

ኅዳር 14
ልጄ ከትምህርት ቤት በቀጥታ እህቴ ጋ ሄደች። ላመጣት ሄድኩ። "አባትሽን ናፍቀሽዋል" አልኳት። ውሸቴን ነው፣ መሄዷንም አላወቀም።
"እማዬ፣ አንቺ እኮ ነሽ ያስገባሻቸው።"
አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። እህቴም "ብዬሽ ነበር" አላለችኝም። ብቻዬን ተመለስኩ።

ኅዳር 22
መግዛቱን ተውኩ። ራሱ ይዞ ይገባል። "እባክህ ውጭ ጠጣ" አልኩት... ይሄን ከአፌ አውጥቼ አልኩት!
"በገዛ ቤቴ? እቤትህ ጠጣ ያልሽኝ አንቺ አይደለሽ?"


ኅዳር 27
እህቴ መጥታ የልጄን ልብስና ደብተሮች ወሰደች። አጣጥፌ የሰጠኋት እኔ ነኝ። ባሌ ከጓደኞቹ ጋር ነበር፤ ቀና ብሎ እንኳ አላየንም።

ታኅሣሥ 5
ጎረቤት በር ላይ ያዘችኝ።
"ባልሽ እኮ ሰው ሆነ! ውጭ አይታይም። ታድለሽ!"
"አዎ" አልኩ።
"ልጅሽስ? ጠፋችብኝ።"
አክስቷ ጋ ናት አልኳት፤ እስከ መቼ ብላ ሳትጠይቀኝ ገባሁ። እሱን አስገባለሁ ብዬ እሷን አስወጣሁ። ልጄ ናፈቀችኝ።