በወሰኑ ላይ የምትታሰረው ላም

ለምወድሽና ለማከብርሽ ለእትዬ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናሽን እጠይቃለሁ። እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽ ተሻለው? ሳሉስ ለቀቀሽ? ምን እጠይቅሻለሁ እንጂ፣ ትናንት እህል ስታበጥሪ ስትስዪ በግድግዳው በኩል ሰምቼሻለሁ። ዝንጅብል አፍልተሽ ጠጪ እንጂ ብዬ ልጮህ አፌን ከፈትኩና መሐላው ትዝ ሲለኝ መልሼ ዘጋሁት። እኔ አምላካችን ቪቶባ ይመስገን ደህና ነኝ። ከናፍቆትሽ በቀር የጎደለብኝ የለም። የኔው ሰውዬም ደህና ነው፤ እጁ መንቀጥቀጡን ትቷል፣ ቂጣውንም ሳይቀር ይጨርሳል።

አንድ ግድግዳ ተጋርተን ደብዳቤ መጻፌ ለሰሚው ግራ ነው። ግን ምን ላድርግ? ስልኩ ያለው ያንቺው ሰውዬ ኪስ ውስጥ ነው። ፊደል ያስቆጠርሽኝ አንቺ ነሽ፤ ዛሬ ለዚህ ጠቀመኝ። ወረቀቱን የወፍጮ ቤቷ ሱባድራ፣ ልታስፈጪ ስትመጪ ከዱቄትሽ ጋር እንድታቀብልሽ አደራ ብያታለሁ። አንብበሽ ስትጨርሺ እሳት ውስጥ ልትከቺው ትችያለሽ። ወይም ያንቺው ቤት ውስጥ እያለ ጮክ ብለሽ ልታነቢው ትችያለሽ። እሱን ለአንቺ ትቼዋለሁ።

የጻፍኩት ለምስጋና ነው፣ እትዬ። ሽምብራው ገባ! አውድማው ሞልቷል። መሬቱን አንሸጥም። ናግፑር ከተማ አንሄድም። ይህን በጆሮሽ ልነግርሽና አንገትሽ ላይ ተጠምጥሜ ላለቅስ ስንት ጊዜ እስከ ግድግዳው ጥግ መጥቼ ተመለስኩ መሰለሽ።

ያንን ክፉ ቀን ታስታውሺዋለሽ። የኔው ጥጡ ውስጥ የተባይ መርዝ ሲረጭ ውሎ፣ መርጫውን በጀርባው እንዳዘለ ሲወድቅ። ስጮህ ሰምተሽ ወደ ወሰኑ ሮጠሽ መጣሽ፤ እዚያ ስትደርሺ እግርሽ እንደ ተተከለ ቆመ። አልፈርድብሽም። ያንቺው በአባቱ ጥምጥም ላይ እጁን ጭኖ፣ ከዚህ ቤት ወደዚያ ቤት ቃልም ውሃም ከተሻገረ የአባቴ ልጅ አይደለሁም ብሎ ሲምል መንደሩ በሙሉ ሰምቷል። ለዚች ከበሬ ጀርባ ለማትሰፋ ወሰን! እኛ እህትማማቾች ለሁለት ወንድማማቾች በአንድ ዳስ ስንዳር እናታችን፣ እንግዲህ ልጆቼ አይለያዩም ብላ ነበር። እውነቷን ነው፤ አልተለያየንም፤ ተዘጋጋን እንጂ።

የኔው ከሐኪም ቤት ሲመለስ፣ ከእንግዲህ መርዝ በጀርባዬ አላዝልም አለ። ደስ አለኝ። ግን መሬቱ እንደ ሰካራም ሆኖ ቆየን፤ የለመደውን ካላገኘ አልነቃም አለ። ውሃ ስታፈሺበት ላዩ ላይ ይንሸራተታል፣ ጣትሽን ብትሰኪበት ጥፍርሽ ይሰበራል። የኔው ቆፈር ቆፈር አደረገና ዶማውን ጥሎ፣ ይህ ሽምብራ የመጨረሻዬ ነው፤ እምቢ ካለኝ መሬቱን ድንጋይ ፈጭቶ ለሚሸጠው ነጋዴ እሸጥና ናግፑር ሄጄ የሰው በር እጠብቃለሁ አለኝ። እኔስ ስለው፣ አንቺም የሰው ዕቃ ታጥቢያለሽ አለ። እትዬ፣ ዕቃ ማጠቡ አልከበደኝም። ሳልሽን እንኳ የማልሰማበት አገር መሄድ ነው የከበደኝ።

ያኔ ነው እናታችን ለመሬት የምታጠጣው ነገር ትዝ ያለኝ። ግማሹ ትዝ አለኝ ልበልሽ። ላማችንን ሸጠናት የለ፣ ከወተት ነጋዴው ቤት የፈረንጅ ላም እበትና ሽንት ለምኜ አመጣሁ። ውሃ ጨመርኩ፣ ስኳር በስስት ብትን አደረግሁ፣ አፈር ከማሳዬ ዘገንኩ። ማቡኪያ ሳጣ ደግሞ ያንን ሰማያዊ በርሜል፣ የመርዙን በርሜል፣ በአመድ ፈትጌ ፈትጌ አጠብኩና እሱ ውስጥ አደረግሁት። አይ ሞኝነት! ቀን ቆጥሬ ስከፍተው አረፋ የለ፣ ሙቀት የለ፣ ትል እንኳ ጠልቶት ሄዷል። ሽታው ግን ጎረቤት ያስለቅቃል። የኔው አፍንጫውን ይዞ፣ መሬቱን ለመግደል ከሆነ እኮ መርዙ ይሻል ነበር አለኝ። ስቆ ቢሆን ባልከፋኝ፤ አልሳቀም።

በማግስቱ አንቺ ላምሽን መሳደብ ጀመርሽ።

እስከ ዛሬ ሳስታውሰው ሆዴን ይዤ ነው የምስቀው። ለልጅሽ ተናገሪ ምራትሽ ትስማ ይሉ የለ አያቶቻችን! ከግድግዳው ወዲያ ቆመሽ፣ አንቺ ቻንድሪ፣ ምን ያለሽ ደንቆሮ ነሽ አልሽ። መርዝ የኖረበት በርሜል በአመድ ይነጻል ያለሽ ማን ነው? እናትሽ በሸክላ አልነበረም ወይ የምታቦካው? የፈረንጅ ላም እበት ምን ጉልበት አለው? የሽምብራ ዱቄቱንስ ረስተሽ፣ ጥቁሩን የሸንኮራ ስኳርስ በቁንጥር አድርገሽ፣ አንቺ ስስታም! አፈሩን ደግሞ ከማሳሽ ዘግነሽ! ሬሳ ሬሳን ያስነሣል ወይ? መርዝ ካልነካው ቦታ ዝገኚ እንጂ፣ አንቺ ቀንዳም! ምስኪኗ ቻንድሪ ምን በደልኩ ብላ ይሆን። እኔ ግን እንባዬና ሳቄ ተደባልቆብኝ እያንዳንዱን ቃል ያዝኩ። ድምፅሽ ወደ እኔ ሲመጣ ከስንት ጊዜው ነው፣ እትዬ? ስድብ እንኳ ቢሆን።

እሺ፣ መርዝ ያልነካው አፈር ከየት ይምጣ? የኔው ማሳ ተረጭቷል፣ የእናንተም ተረጭቷል፣ ከወንዝ ወዲህ ያለው ሁሉ ተረጭቷል። ቆሜ ሳስብ ዓይኔ ወሰኑ ላይ አረፈ። ሁለቱ ወንድማማቾች የኔ ነው የኔ ነው ብለው ሲካሰሱ፣ ዳኛው ፍርድ እስኪሰጥ ማንም እንዳያርሰው እንዳያጥረው ብሎ አግዶት የለ? ማረሻ አልገባበት፣ መርጫ አልዞረበት። ተንበርክኬ በእጄ ጫር ሳደርገው እጄ እስከ አንጓዬ ገባ። ጥቁር፣ ለስላሳ፣ ትሉ የሚርመሰመስበት፣ ሽታው የመጀመሪያ ዝናብ ሽታ። በጥል የተተወው ብቻ በሕይወት ቆይቷል። እፍኝ አፈር ይዤ እዚያው አለቀስኩ። ዳኛ ቢያየኝ አንድ እፍኝ አይቆጥርብኝም ብዬ ነው የወሰድኩት።

እበቱስ? ብለሽ እንደምትጠይቂኝ አውቃለሁ። ወይም አትጠይቂኝም። በማግስቱ ገና ጎህ ሲቀድ ብወጣ ቻንድሪ ወሰኑ ላይ ካስማ ተተክሎላት ታስራ ቆማለች። ከሥሯ ትኩስ እበት፣ ከጎኗ ሽንት የተጠራቀመበት ገንቦ። የኔው አይቶ እንደ እሳት ነደደ። የታገደ መሬት ላይ ከብት አሰረ! ለጠበቃዬ እነግራለሁ! አለ። እኔም፣ ዳኛው ማረስ ከለከለ፣ ማጠር ከለከለ፣ ላም ቆማ እንዳትሸና ከልክሏል ወይ? አልኩት። ትኩር ብሎ አየኝና ሳቀ። ከታመመ ወዲህ የመጀመሪያ ሳቁ ነው። ይቺን ሳቅ ለእናንተ ላም እዳ አለብኝ።

ከዚያ ወዲያ ሥራው ሥራ ሆነ። በገንቦ ውስጥ ጥላ ስር አስቀምጬ፣ በኒም ዛፍ እንጨት ወደ አንድ አቅጣጫ እያማሰልኩ፣ ጆንያ እያለበስኩት ሰነበትኩ። እንደ ሊጥ ኩፍ አለ፣ አረፋ ደፈቀ፣ ጆሮሽን ብታስጠጊ ሲንሾካሾክ ትሰሚዋለሽ። ፀሐይ ስትበርድ በቅጠል እየነከርን ማሳው ላይ እንረጫለን፤ የኔው ከፊት፣ እኔ ከኋላ። መርጫ የለ፣ የአፍ ጨርቅ የለ። እጁ ላይ ሲፈስበት ልብሱ ላይ ጠርጎ ይቀጥላል። ቀስ እያለ መሬቱ ሽንቁር ሽንቁር አወጣ፣ የአፈር ትል መጣ። አንድ ቀን የኔው በባዶ እግሩ ቆሞ፣ አንቺ፣ እግሬ ሰመጠ! ብሎ ጮኸ። እንደዚያ እግሩ ስለ ሰመጠ የፈነደቀ ሰው አይቼ አላውቅም።

ሽምብራው አበባ ሲያወጣ ደግሞ ሰብል የሚበላው አረንጓዴ ትል ወረደብን። ያኔ አልዋሽሽም፣ ተስፋ ቆረጥኩ። የኔው ፊቱ ጠቁሮ፣ ሳልወድ በግዴ ወደ መርዝ ሻጩ ልሂድ አለ። እግሩ ላይ ወድቄ ነው ያስቀረሁት። አንቺም ለምስኪኗ ቻንድሪ የኒም ፍሬ ደቁሶ መዘፍዘፍን፣ ቃሪያና ነጭ ሽንኩርት በሽንት መቀቀልን፣ ወፎች እያረፉ ትሉን እንዲለቅሙ በየመሃሉ እንጨት መትከልን ስትሰብኪ ዋልሽ። ይቺ ላም እኮ በዚህ ከቀጠለች የእርሻ መምህር መሆኗ ነው! ግን በዚያ ወቅት የኒም ፍሬ ከየት ይገኛል ስል፣ በነጋታው ካስማው ላይ አንድ ከረጢት የደረቀ የኒም ፍሬ ተንጠልጥሏል። ላሟ በቀንዷ አንጠልጥላ አምጥታው ይሆናል ብዬ ተቀበልኩ። ትሉ ረገፈ። ወፎቹም ጠገቡ።

እስከዚህ ድረስ የማመሰግነው አንቺን ነው። ከዚህ በኋላ ያለውን ግን ዝግ ብለሽ አንብቢው።

አንቺ ከመንደሩ ሴቶች ጋር በእግርሽ ወደ ቪቶባ መቅደስ ፓንዳርፑር ልትሳለሚ የሄድሽበት ሰሞን ነበር። ልጆችሽ ከተማ ናቸው፣ ቤት ውስጥ አንድ ሰው ብቻ ቀርቷል። በቃ፣ እስክትመለሺ እበት የለም ብዬ ተስፋ ቆርጬ ብወጣ ላሟ ወሰኑ ላይ ታስራለች። በማግስቱም። በሦስተኛውም። አንድም ቀን አልቀረችም። እንዴት ያለች ብልህ ላም ናት፣ እትዬ! ራሷን ከበረት ፈትታ፣ ራሷን ካስማ ላይ አስራ፣ ሽንቷን በገንቦ አጠራቅማ፣ ፀሐይ ሳትወጣ ወደ ቤቷ የምትመለስ።

አንድ ቀን የኔው ላሟ ወደ ሽምብራው አንገቷን ስትሰድ አይቶ ገመዱን ሊያሳጥር ጎንበስ አለ። ቋጠሮውን ያዘና ቀረ። እኔ ስንት ጊዜ ሞክሬ ልፈታው ያልቻልኩት ቋጠሮ ነው። አማታችን ነፍሳቸውን ይማርና ለሁለቱ ልጆቻቸው ብቻ ያስተማሩት፣ አውራ ጣት ከሥር የሚገባበት፣ አንቺም እኔም የማናውቀው። የኔው እዚያው ወሰኑ ላይ ቁጭ አለ። ምን ሆንክ ስለው፣ ምንም፣ ላሟን ተያት አለኝ። ዓይኑን በትከሻው ጠረገ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ጠበቃውን አያነጋግርም። ከሆሊ በዓል በኋላ የፍርድ ቤት ቀጠሮ አለ አይደል? የኔው ስለሱ ሲናገር፣ እኔ ወሰኑን ብረታው አርሰዋለሁ፤ እሱም ቢረታ ያርሰዋል፤ ካረስነው ደግሞ ይሞታል፤ ስለዚህ ቀርቤ ለታላቄ ይሁን እላለሁ፣ ብቻ እንዳያርሰው አለኝ። ይህን ለማንም አልተናገርኩም። ለአንቺም አልነገርኩሽም፤ ወረቀቱ ነው የተናገረው፣ መሐላው ስለ ወረቀት አላወራም።

ሽምብራው እሸት የሆነ ጊዜ የኔው በእጁ ነቅሎ በገለባ እሳት ጠበሰ። በናስ ሳህን አድርጎ አመሻሽ ላይ ካስማው አጠገብ አስቀመጠው። ለማን ነው? አልኩት። ለላሟ ነዋ፣ ስንት የደከመች አለ። ጠዋት ተያይዘን ሄድን። ሽምብራው የለም። ቅርፊቱ ተፈልፍሎ በአንድ በኩል ተከምሯል። ሳህኑ በአመድ ተፈትጎ፣ ታጥቦ፣ አቧራ እንዳይገባበት ተደፍቷል።

ሰብሉን ስናጭድ የኔው በወሰኑ ዳር ያለችውን አንድ ጥግ አልነካትም፤ ሳትታጨድ ቆማለች፣ የላሟ ናት ይላል። እናንተ ቤት ውስጥ ማንን መጠየቅ እንዳለብሽ አንቺ ታውቂያለሽ። ቪቶባ ጉልበትሽን ያጽናልሽ፣ ምድጃሽን አያብርድብሽ፣ የልጅ ልጅ ያሳቅፍሽ፣ እኔንም ከድምፅሽ አያርቀኝ። የኔው ከጎኔ ተቀምጦ ምን ምን እንደምጽፍ ያያል፤ ማንበብ ባይችልም አንዲት ነገር ጻፊልኝ ብሎኛል። ላሟ ዛሬም እንደ ልጅነቷ እሸቱን የምትወደው በቃሪያ ነው ወይ ብለሽ ጠይቂልን።

ከግድግዳው ወዲህ ያለችው፣
ታናሽ እህትሽ