ከጋሽ ተፈራ ጣሪያ በላይ

ረቡዕ፣ ግንቦት 6፤ ጠዋት፣ ታክሲ ውስጥ

ከምንኖርባት ከቴምቢሳ ወደ ጀፕ፣ የሐበሻ ስደተኛ ሱቅ ወደሞላበት መሃል ከተማ። ፊደሌ ቢንቀጠቀጥ ደብተሬ፣ ጥፋቱ የሾፌሩ ነው። ከሥራ በፊት በቤ/ክ በኩል አልፋለሁ። ጋሽ ተፈራ ትናንት ለአጎቴ ደውሎ ነበር። የጎንደር ሰው ነው፣ ከቤ/ክ አዳራሻችን ሥር ባለው ሱቁ ብርድ ልብስ ያከፋፍላል። እሑድ እኛ እየዘለልን ስንዘምር የሱ መብራት ይወዛወዛል፣ ካርቶን ከመደርደሪያ ይወርድበታል። ታግሶ ታግሶ ለሕንፃው ባለቤት ነገረ። ባለቤቱም ቁርጡን ተናገረ፤ በመጪው እሑድ መብራቱ ከተወዛወዘ አዳራሹን እንለቃለን።

ስንት ተለምኖ የተገኘ አዳራሽ። አጎቴ ከሽማግሌዎቹ አንዱ ነው፣ ራቱን አልነካም።

እኔ ግን፣ ለአንቺ ብቻ ልንገርሽ፣ ደስ ብሎኛል። በምህንድስና ከተመረቅኩ ጀምሮ የማላውቀውን ሰው ሕንፃ ስስል ነው የኖርኩት። ይሄ የኛ ነው። ፈታሁት በዪው።

ያው ቀን፣ ማታ

ምንም የለም። ጓደኛዬ ቤቲ፣ የመዘምራኑ መሪ፣ ልምምድ ላይ ነበረች። ዘማሪዎቹን ሁሉ እስኪያልባቸው አስዘለልኳቸው። ስልኬን ወለሉ ላይ አኖርኩ፣ ንዝረት የሚለካ መተግበሪያ አለው። ወለሉ ጸጥ። ጋሽ ተፈራ ወጥቶ አየንና ጭራሽ ተናደደ። ዛሬ እኔ አለሁ ብላችሁ ነው ቀስ የምትሉት አለኝ። ተኩራርቼ ነበር፣ አፈርኩ። እተኛለሁ።

ሐሙስ፣ ምሳ ሰዓት፣ ጀርሚስተን፣ መ/ቤት

አገኘሁት። ሳንድዊቹን ትቼ ነው የምጽፍልሽ።

ትናንት አዳራሹ ባዶ ነበር። እሑድ ጢም ይላል። ሰው ሲሞላ ወለሉ ይከብዳል፣ ሲከብድ ውዝዋዜው ይዘገያል። ባዶ ሲሆን ከመዘምራኑ ዝላይ ጋር አይገናኝም። ሲሞላ ግን ዘግየት፣ ዘግየት ብሎ ልክ ከዝላያቸው ጋር ይገጥማል። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ዝላይ የቀደመውን ያግዛል። እንደ ቴምቢሳ ምሽት ነው፤ አንድ የኤሌክትሪክ ምድጃ ማንንም አይጎዳም፣ ሁሉም ባንዴ ሲለኩስ ነው ትራንስፎርመሩ የሚጮኸው። ወለሉ በየሰዓቱ ሌላ ወለል ነው እኮ። እንዴት እስከ ዛሬ አልታየኝም?

ለአለቃዬ አሳየኋት። መጀመሪያ ይወድቃል ወይ ነው ያለችው። የሕንፃውን የድሮ ሥዕል አውጥተን አብረን አሰላን። አይወድቅም፣ ሶሌታው፣ የወለሉ ኮንክሪት፣ ወፍራም ነው። ይንቀጠቀጣል ብቻ። እሷም እንደኔ ምሳዋን ረሳች። ጭነቱን መቀነስ ካልተቻለ ማዘዋወር ነው። የሚዘለው ግድግዳው ጋ፣ ከሥር ምሰሶ ባለበት ይቁም። መሃል ላይ የማይዘል ይቀመጥ።

የማይዘል ማን ነው? ሽማግሌዎቹ። ሳቄን መያዝ አቃተኝ።

ዓርብ፣ ማታ

ቤቲን ዜማውን ትንሽ ዝግ አድርጊው ብዬ ሞክሬ ነበር። "ለቀብር ነው እንዴ የምታዘጋጂን?" አለችኝ። እሺ፣ ዜማው ይቅር። ወደ ግድግዳው ለመሄድ ግን ተስማማች። ሽማግሌዎቹም ተስማሙ።

ከአጎቴ በቀር።

የሱ ወንበር እዚያው ግድግዳ ጥግ ነው። አጠገቡ ያለው የአክስቴ ነበር። ከሞተች ወዲህ ማንም አይቀመጥበትም። እሱም አይዘምርም፤ እጁን አጣምሮ መሬት መሬት ሲያይ ይጨርሳል። ወንበሩ አይነካም አለ። አጎቴ ሱቅ ውስጥ፣ ደንበኛ ፊት፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ ለአንድ ወንበር ቤ/ክ ይዘጋ ወይ አልኩት። ተናግሬ ሳልጨርስ ጸጸተኝ። ለደንበኛው መልሱን ሰጥቶ፣ ሳውቦና ብሎ በአገሬው ሰላምታ ቀጣዩን ተቀበለ። እኔን አላየኝም። ያሳደገኝ ሰው ነው።

ቅዳሜ

ወንበር ልናስተካክል ስንገባ አጎቴ ቀድሞናል። ሁለቱንም ወንበሮች ራሱ ተሸክሞ መሃል አድርጓቸዋል፣ ጎን ለጎን። ባዶው ሂሳብሽን ያበላሽብሻል ወይ አለኝ። አያበላሽም አልኩት። ይቅርታ ልለው ስል ያን አግዳሚ ያዥልኝ ብሎ ሥራ ሰጠኝ። ያዝኩ። ታርቀናል መሰለኝ።

ነገ ነው።

እሑድ፣ ከሰዓት፣ የጋሽ ተፈራ ሱቅ ደረጃ ላይ

ቶሎ ቶሎ ልጻፍ። ጠዋት ወደ አዳራሹ አልወጣሁም፣ ከጋሽ ተፈራ ጋር ታች ሆኜ መብራቱን ሳይ ነበር። እሱ ሰዓቱን ያያል፣ እኔ መብራቱን። ላይ አዳራሹ ሞላ፣ እግራቸው ይሰማል። ድራሙ ገባ። ቤቲ ያችን ከሁሉ በላይ የምታስዘልለውን መዝሙር አነሳች፣ ሆን ብላ ነው። ዝላይ። መብራቱ ቀጥ። ጋሽ ተፈራ ወደ ጣሪያው አንጋጦ ቀረ። እጁን ይዤ ልጨፍር ምንም አልቀረኝም።

ከዚያ መብራቱ ነቅነቅ አለ። ትንሽ። እንደገና። ከድራሙ ጋር አይገጥምም፣ ወደኋላ ይቀራል፣ ይዘላል፣ ይቆማል። ደረጃውን እየሮጥኩ ወጣሁ፣ ጋሽ ተፈራም ከኋላዬ።

አጎቴ ነው። ወለሉ መሃል፣ ከሁለቱ ወንበሮች ፊት፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ኮቱን እንደለበሰ ይዘላል። ከማንም ጋር አይገጥምም። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፣ እየዘመረ ነው። ሌሎቹ ሽማግሌዎች ወደ ዳር ወጥተው ቦታ ለቀውለታል። በሂሳቤ እሱን የያዝኩት ዜሮ ብዬ ነበር።

ጋሽ ተፈራ በር ላይ እያለከለከ ማን ነው አለኝ። አጎቴ ነው፣ ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ዘምሮ አያውቅም አልኩት፣ ላስቀምጠው ብዬም ተራመድኩ። ባዶውን ወንበር አየና ክንዴን ያዘኝ። "ተይው። እሱ ይዝለል" አለ። ለሕንፃው ባለቤትም እዚያው ፊቴ ደውሎ መብራቱ ደህና ነው አለ።

አለቀስኩ፣ ምን እደብቅሻለሁ።

ላይ አሁንም እየዘመሩ ነው። ነገ ሥዕሉን እንደገና አወጣለሁ። ሂሳቡን ከመጀመሪያው እሠራዋለሁ፣ አጎቴን መሃል ላይ እየዘለለ አስገብቼው። አሁን ግን ልውጣ፣ ጠርተውኛል።