ገጽ አርባ አንድ እና የዳባት ቁና

ሰኞ፣ ጥር 22፣ ከቀትር በኋላ
ዛሬም ፖስታ ቤት። ዛሬም ባዶ ሣጥን። ማስታወሻዬ፣ መቼም ታዝበኸኛል፤ በየሳምንቱ ከጎንደር ፒያሳ ባዶ እጄን ስመለስ። ሁለት ዓመት የዳባትን ገበያ አጥንቼ አሳተምሁ። እህሉ ጥቂት ቢሆንም ደጋው የመኪና መንገድ ይገባዋል አልሁ። አንድ ሰው እንኳ «እገሌ እንዳለው» ብሎ አይጠቅሰኝም? አለቃዬ ፊታውራሪ በቅጂያቸው መስኮት ያስደግፉበታል። የውጭ አገር ሊቃውንት ያነቡታል እያልሁ እጽናናለሁ። ላም አለኝ በሰማይ።

ረቡዕ፣ ጥር 24
ተጠቀስሁ! ከባሕር ማዶ የመጣ መጽሔት፣ የግርጌ ማስታወሻ፣ ስሜ ከነአባቴ። ፊታውራሪ ሻይ ጋበዙኝ። ለባለቤቴ ለአስካለ ሦስት ጊዜ አነበብሁላት። እንግሊዝኛ አታውቅም፤ ታግሣ ሰማችኝ።

ዓርብ፣ ጥር 26
ሁለተኛው። የመንገድ ጥናት፣ ከአዲስ አበባ። ይህም እንደ መጽሔቱ ገጽ አርባ አንድን ይጠቅሳል። የዳባት እህል ጥቂት ነው፣ መንገዱ ይቆይ፣ ይህንም እገሌ አረጋግጧል ይላል። እኔ! ለመንገዱ ብዬ የጻፍሁት! «ይገባዋል» ያልሁት እኮ ገጽ አርባ ሁለት ላይ ነው። አንድ ቅጠል መግለጥ ምን ይከብዳል? የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም፤ ጥናቴም ለደጋው እንዲሁ ሆነ።

ቅዳሜ፣ ጥር 27
የባሰ መጣ። የአስካለ አጎት አያ ፈንቴ ከዳባት ገብስ በበቅሎ ጭነውልን መጡ። አምስት ቁና ነው አሉ። አስካለ በቤታችን ቁና ብትሰፍረው ሰባት ተኩል ወጣ። ደግማ ሰፈረች። ያው። አያ ፈንቴ ሳቁ፤ የዳባት ቁና ከጎንደሩ እንደሚበልጥ ማን የማያውቅ አለ?
እኔ። ዳባት ገበያ ዋርካ ሥር ተቀምጬ፣ እርሳስ ይዤ፣ ስንት ቁና ገባ ስንት ወጣ ስል ከረምሁ። ሁሉንም በጎንደር ቁና አሰላሁት። አንድ ቀን ተነሥቼ ቁናውን በእጄ አልያዝሁም። እህሉ ጥቂት አልነበረም።
ምነው ያኔ አልነገሩኝም አልኋቸው።
«የተማረ ሰው መስፈሪያውን ሳያይ ይጽፋል ብዬ እንዴት ልጠርጥር?»
በእሳቸው ልናደድ ፈለግሁ። አልሆነልኝም።

ሰኞ፣ ጥር 29
ለፊታውራሪ ነገርሁ። ተወው አሉ። ስንት ዓመት ጠብቀህ ስምህ ቢነሣ በገዛ እጅህ ልትሰርዘው ነው?
«ከእንግዲህ ማን ይጠቅስሃል?»
ልተወው አሰብሁ። እውነቱን ልንገርህ፣ ቀኑን ሙሉ አሰብሁ። ማታ አያ ፈንቴ እግራቸውን በሙቅ ውሃ ሲዘፈዝፉ አየሁ፤ ከዳባት የመጡት በእግር ነው። መንገዱን ማን እንዳስቀረው አያውቁም። አልነገርኋቸውም። አፈርሁ።

ማክሰኞ፣ ጥር 30፣ ማለዳ
ሁለት ደብዳቤ፣ አንድ ለመጽሔቱ፣ አንድ ለአዲስ አበባ። ቃሉ አንድ ነው፦ ገጽ አርባ አንድ ስሕተት ነው፤ ስሕተቱም የእኔ ነው፤ እባካችሁ አትጥቀሱኝ።
በፖስታ ቤት በኩል አልፈን ወደ ዳባት፣ ከአያ ፈንቴ ጋር፣ በእግር። መንገድ ላይ እነግራቸዋለሁ። ከዳባቱ ጋር ላስተያየው የቤታችንን ቁና ይዣለሁ፤ አስካለ እኔስ በምን ልሰፍር ትላለች። በቅሎዋ ተጭናለች። አያ ፈንቴ እየጠሩኝ ነው፤ እስካሁን ምን ትጽፋለህ ይሉኛል፣ እኔም