የረሳሁት ካልሲህ

አባዬ፣ የእኔ ጌታ፣

ከተለየኸን ዛሬ ሃምሳ ሁለት ቀን ሆነ። እማዬ ዳሌዋን ተሰብራ ሆስፒታል ተኝታ ሳለ፣ አንተ ቤት ሶፋው ላይ ዝም ብለህ ሄድክ። ከሥራ ስመለስ ነው ያገኘሁህ። ሰው እንዴት ሳይሰናበት ይሄዳል? አሁንም ተቀይሜሃለሁ።

እኔና ወንድሜ ዮናስ ለእማዬ አልነገርናትም። በሽተኛ መርዶ አይነገረውም፤ ድና ስትወጣ ሽማግሌ ሰብስበን በወጉ እንነግራታለን አልን። ኃይለኛ ጉንፋን ስለያዘህ ነርሶቹ እንዳትገባ ከልክለውሃል ብለን ዋሸናት። በየቀኑ ፓርኪንግ ውስጥ ጥቁር ልብሴን አውልቄ፣ ቀዩን ሹራብ ለብሼ፣ ዓይኔን ተኳኩዬ እገባ ነበር። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ፤ የእኔ ግን እያደር ከበደኝ። ደግሞ አንድ ነገር ያስፈራኝ ነበር። ዕድሜ ልኳን "በላ? ጠጣ?" ስትልህ የኖረች ሴት፣ አንድ ቀን እንኳ እንዴት ዋለ አላለችም።

ሐሙስ ዕለት ዶክተሩ መውጣት ትችላለች አለ። ደረጃ ስለማትወጣ ኖርዝጌት ሰፈር፣ አረጋውያን እየተረዱ የሚኖሩበት አሲስትድ ሊቪንግ ውስጥ፣ ባቡሩ በመስኮት የሚታይበት ክፍል ይዘንላታል። ዕቃዋን ስንሸክፍ ሰናይት የምትባል የሆስፒታሉ ረዳት፣ አዲስ አበባ ያደገች የአስመራ ልጅ፣ ወደ ኮሪደር ጎተት አደረገችኝ። እናትሽ እንደ ለቅሶኛ ነጠላዋን ዘቅዝቃ ነው የምትውለው፣ እናንተ ልትመጡ ስትሉ ታስተካክለዋለች አለችኝ። ከመቼ ጀምሮ ብላት ቀኑን ነገረችኝ። የሞትክ ዕለት ነው፤ ጠዋት፣ እኔ እንኳ ገና ሳላገኝህ።

አዲሱ ቤት ስንደርስ ዮናስ እኛን አውርዶ መኪናውን ፓርክ ሊያደርግ ሄደ። እማዬ ዊልቸሯ ላይ ሆና ክፍሉን ቃኘችና፣ ያን ወንበር ወደ ማሞቂያው አስጠጊው አለችኝ። ለማን እንደሆነ አልጠየቅኩም። ከዚያ ከቦርሳዋ ግራጫውን የሱፍ ካልሲህን አወጣች፤ ሆስፒታል የገባች ዕለት እግሯ ላይ ያጠለቅክላትን። አጥባ አጣጥፋዋለች።

"አባትሽን እግሩን በርዶታል፣ ውሰጂለት" አለችኝ።

አባዬ፣ ለቀብርህ ልብስ የወሰድኩት እኔ ነኝ። ሱፍህን፣ ሸሚዝህን፣ ጫማህን ለገናዦቹ ሰጠኋቸው፤ ካልሲ ረሳሁ። ትዝ ያለኝ ሳጥኑ ከተዘጋ በኋላ ነው። ለነፍስ አባታችንም፣ ለዮናስም፣ ለማንም ትንፍሽ አላልኩም። እሷ በምን አወቀች? ማን ነገራት?

እዚያው ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ። ለካ ፊቴ እንዳያሳብቅብኝ ስል አንድ ቀን እንኳ በቅጡ አላለቀስኩልህም። እማዬ ነጠላዋን አወረደች፣ ዘቅዝቃ መልሳ ለበሰችው፤ ራሴን ወደ ጉልበቷ አስጠጋች። "አባትሽ እኮ ሞቷል፣ ልጄ። አልቅሺ እንጂ" አለችኝ። መርዶ ልንነግራት ስንዘጋጅ እሷ ነገረችኝ። ዮናስ የመኪናውን ቁልፍ እንደያዘ በሩ ላይ ቆሞ ቀረ።

ቅዳሜ በዝናብ መቃብርህ ድረስ መጥቼ ካልሲውን ከሣሩ ሥር ቀበርኩልህ። ለማንም አልተናገርኩም። ትናንት እማዬ ጋ ስሄድ ወንበሩን ከማሞቂያው አስነስታ መስኮቱ ሥር አስደርጋዋለች። ምነው ብላት፣ "አሁንስ ሞቆታል" አለችኝና ወደ ወንበሩ እያየች ፈገግ አለች። ወይ ጉድ! እኔ ደግሞ፣ ሞኟ ልጅህ፣ ወንበሩን ዞሬ አለፍኩ፣ እንዳልነካህ።

አልረሳህም አባዬ። ብርድ በገባ ቁጥር እግርህን አስባለሁ፣ ለእማዬም ሁለተኛ አልዋሽም። አንተም አንድ ነገር እሺ በለኝ፣ አፈር ስሆን። መምጣቱን ና፣ ወንበርህ አለልህ። ስትሄድ ግን ተነሽ እንሂድ አትበላት። ለእኔ ትቆይልኝ።

ልጅህ