የቢራራ ዋስ

ሰኞ

ዛሬም ጉልበታችን ድረስ ውሃ ውስጥ ቆመን ደንገል አጨድን። ሁለት ጎጆ ተከደነ። አንዱን እስረኛ አልቅት ያዘው። የእኔ አንድ ጫማ ጭቃ ውስጥ ቀረ። ጎጆዎቹ ከወሎ ለመጡት ሰፋሪዎች ናቸው። እነሱም እንደኛ በካሚዮን ተጭነው ነው የመጡት፤ ልዩነታችን እኛ ጠዋትና ማታ መቆጠራችን ነው።

ልፈታ ሦስት ሳምንት ቀረኝ። አልጽፈውም ብዬ ነበር፤ ጻፍሁት።

ማክሰኞ

የሰፋሪው የእንድሪስ ሚስት ዘይነባ ምጥ ከያዛት ሁለተኛ ቀኗ ነው። መንገዱን ዝናብ ቆርጦታል። የሞተር ጀልባ የሚመጣው ቅዳሜ ነው። ሆስፒታሉ ባሕር ዳር፣ ከሐይቁ ማዶ። ከመካከላችን ታንኳ የሚያውቀው ቢራራ ብቻ ነው። የታሰረው ልጁን ከብሔራዊ ውትድርና ደብቆ ነው። ቤቱ ደግሞ ታንኳው በሚያልፍበት የሐይቅ ዳር ነው፤ የጥበቃው አለቃ አሥር አለቃ ደምሴም ይህን ያውቃል።

"አብሮት የሚሄድ ጠባቂ?" አለ።

አንዱ ጠባቂ፣ "ጓድ አሥር አለቃ፣ እኔ ሣር ላይ ተቀምጬ ጣናን አልሻገርም። ብታስሩኝ ይሻላል" አለ። ሳቅን። እንድሪስ አልሳቀም።

"እንግዲያው ዋስ ይጥራ" አለ አሥር አለቃው።

እስረኛ ለእስረኛ ዋስ ሲሆን አይቼ አላውቅም። እጄን አወጣሁ።

"ነገ ማታ ቆጠራ ላይ ከሌለ፣ አንተም አትፈታም" አለኝ።

ቢራራ ለክዳን ካደረቅነው ደንገል ታንኳ አሰረ። ዘይነባንና እንድሪስን አሳፍሮ ሄደ።

ረቡዕ

የማታ ቆጠራ። አንድ ጎደለ። አሥር አለቃው ደግሞ ቆጠረና እኔን አየኝ። ከቀትር በኋላ ሐይቁ ተናውጦ ነበር። ሰጥመዋል ወይስ ቢራራ ጠፍቷል? ሃያ ዓመት ጋዜጣ ላይ ሠርቻለሁ፤ ያላረጋገጥሁትን አልጽፍም። የትኛው ቢሆን እንደምመርጥም አልጽፍም።

ሐሙስ

ይህን ግን ልጻፈው። ጠዋት አሥር አለቃው ዘንድ ሄጄ ዋስነቴን እንዲያነሣልኝ ለመንሁት። "ሰውየውን በደንብ አላውቀውም" አልሁ። ከቢራራ ጋር አንድ ዓመት ጎን ለጎን ተኝተናል።

"ዋስነት ካፖርት ነው እንዴ፣ ሲሞቅህ የምታወልቀው?" አለኝ።

ማታም አንድ ጎደለ። እራት አልበላሁም።

ዓርብ

ረፋድ ላይ ጠባቂው ጮኸ። ቢራራ እየቀዘፈ መጣ፤ ብቻውን። ዘይነባ በሕይወት አለች። ሴት ልጅ ወልዳለች። እንድሪስ እዚያው ቀርቷል።

"ሁለት ቀን ሙሉ ምን ስትሠራ ነበር?" አለው አሥር አለቃው።

"ታንኳ ሳደርቅ። ሦስት ሰው ተሸክሞ ውሃ ጠጣ። ፀሐይ ላይ ካላቆሙት በመልሱ ይሰጥማል። የክረምት ፀሐይ ደግሞ፣ ጓድ አሥር አለቃ፣ እንደ እርስዎ ቁጣ ቶሎ አትመጣም።"

"ቤትህስ?"

"ጭሱን አየሁት። ብወርድ እንደማልመለስ አውቃለሁ። አልወረድሁም።"

"ቁጥሩ ሞልቷል፤ ዋስህም በቀኑ ይፈታል" አለው አሥር አለቃው።

ቢራራ ወደ እኔ ዞረ። "እንዴት ከረምህ፣ ዋሴ?"

ከከተማ ያመጣትን ዳቦ ከሁለት ቆርሶ ትልቁን ሰጠኝ። አሥር አለቃው ከኋላው ቆሞ ያየኝ ነበር፤ ሐሙስ ምን እንደለመንሁት አልነገረውም። እኔም አልነገርሁትም። ዳቦውን በላሁ።

ከመፈታቴ በፊት እነግረው ይሆናል። ገና ከሁለት ሳምንት በላይ አለኝ።