በአመድ የተቀበረ ታንከር

ጥር 19፣ ማክሰኞ፣ ከቀኑ 10 ሰዓት

እጄ ዝሏል። ከጠዋት ጀምሮ የሞተር ሳይክሉን የቤንዚን ታንከር እየናጥኩ ነው። ወተት ቢሆን ኖሮ እስካሁን ቅቤ ይወጣው ነበር። ከዚህ የሚወጣው ቡናማ ውሃ ነው። አጥባለሁ፣ ቡናማ። ደግሜ አጥባለሁ፣ ያው ቡናማ። በባትሪ ሳየው የውስጡ ግድግዳ ዝገት ብቻ ነው፣ ቅርፊት ቅርፊት እየሆነ ተንጠልጥሏል።

ለአንተ ካልነገርኩ ለማን እነግራለሁ፣ ደብተር። ታላቅ ወንድሜ አያ ሙሄ ሊመጣ ነው። ከሳዑዲ ተባሮ አዲስ አበባ ገብቷል፤ ትናንት ደወለ። ድምፁ የሱ አይመስልም። ስለ ጤናችን ጠየቀ፣ ወዲያው ስለ ሞተሩ። ሞተሩ ካለ እዚሁ ቆቦ ተቀምጦ ጎብዬና ሮቢት ሰው እያመላለሰ ይኖራል። ከሌለ በሄደበት በረሃ ይመለሳል። ሳይቆጣ፣ ሳያለቅስ፣ እንዲሁ ነገረኝ። እኔም፣ ሞተሩ አለ፣ እንደተውከው ነው አልኩት። ውሸታም።

ሌላም አለ። ወደ ኮምቦልቻ የጠየቅኩት ዝውውር ተፈቅዷል። ወረቀቱ መጨረሻ ገጽህ ውስጥ ታጥፎ ተቀምጧል (ድንገት ሰው ቢገልጥህ ብዬ ከዚህ በኋላ ዝ.ወ. እለዋለሁ)። የመንፈቅ ዓመቱ ዕረፍት አልቆ የካቲት 2 ሰኞ እዚያ ት/ቤት ካልተገኘሁ ቀረ። እማን ግን ብቻዋን ጥዬ አልሄድም። አንዴ ሄጄ አይቼዋለሁ። ስለዚህ ታንከሩ ከጸዳ ሞተሩ ይነሣል፣ ሞተሩ ከተነሣ ሙሄ ይቀመጣል፣ ሙሄ ከተቀመጠ እኔ እሄዳለሁ። አሥራ አንድ ዓመት አንድ ሰሌዳ ፊት ቆሜያለሁ። በቃኝ።

ጥር 20፣ ረቡዕ፣ ጠዋት 3 ሰዓት

የታንከሩን ነገር አልጻፍኩልህም ለካ።

ጦርነቱ ወደዚህ ሲመጣ ወጣት የተባለ ሁሉ ወደ ደሴ ሸሸ። እኔም ሸሸሁ። እማ ቤቴን ጥዬ አልሄድም ብላ ቀረች። የታጠቁ ሰዎች የሚነዳ ነገር ሁሉ እየወሰዱ ነው ሲባል ጎረቤታችንን ገብሬ መካኒክን ጠርታ ታንከሩን አስፈታችው። ቀሪውን ሞተር ከፍየሎቹ ጋር አቆመችው። ታንከሩን ማሽላ ከምናስቀምጥበት ጉድጓድ ከተተችው፣ እንደ ዘር እህል፤ ከሥር ገለባ፣ ከላይ ገለባ፣ አፉን በጭቃና በእበት። ሰዎቹ መጡ፣ ሞተሩን አገላብጠው አዩት፣ ታንከር የሌለው ምን ያደርግልናል ብለው ጥለውት ሄዱ። ይህን ሁሉ ብቻዋን ነው ያደረገችው። እኔ ያን ጊዜ ደሴ የሰው ቤት ወለል ላይ ተኝቻለሁ።

አሁን ጉድ ስማ። የዘር ማሽላ ነቀዝ እንዳይበላው አመድ ይነሰነስበታል አይደል? እማ ታንከሩንም ነቀዝ እንዳይበላው ብላ አመድ ጨመረችበት። ሁለት ጣሳ፣ በቤንዚን መሙያው በኩል! ከትናንት ወዲያ፣ ሙሄ እንደደወለ፣ ከጉድጓድ ሳወጣው አመዱ ሥሩ ላይ እንደ ቂጣ ተጋግሮ ነበር። እኔ ደግሞ የኬሚስትሪ መምህር ነኝ፣ አፌን መያዝ አልችልም። ብረትን ነቀዝ አይበላውም፣ ብረትን የሚበላው እርጥበት ነው፣ አመድሽ እርጥበት ስቦ አበላሸው፣ ያበላሸሽው አንቺ ነሽ አልኳት። ክፍል ውስጥ የሚያንቀላፋ ተማሪ በምቆጣበት ድምፅ። ሻሿን አስተካክላ ወደ ፍየሎቹ ሄደች።

11 ሰዓት። ከሆርማት ወንዝ ጠጠር ለቅሜ ጨመርኩበትና ናጥኩ። ዝገቱ ወረደ። ደስ አለኝ፣ አሥር ደቂቃ ያህል። ከዚያ ጠጠሩ አልወጣ አለ። ገለበጥኩት፣ በጎኑ አስተኛሁት፣ አቆምኩት። ኳ፣ ኳ ይላል ከውስጥ። ያ ጠጠር ሳይወጣ እህል አልቀምስም ብዬ ነበር። ቀመስኩ።

ጥር 21፣ ሐሙስ፣ ረፋድ

ገብሬ የኳኳታውን ድምፅ ከቤቱ ሰምቶ መጣ። ዋጃ ነው ተወልዶ ያደገው፤ አማርኛውና ትግርኛው አንድ ላይ ነው የሚወርደው፣ ስድቡም እንደዚያው። መምህር፣ ታንከር ነው ወይስ ጽናጽል የያዝከው አለኝ። ሳቄ አልመጣም። በሽቦ አንድ በአንድ ጠጠሩን አወጣልኝ። ጠጠር አይደለም የሚጨመረው፣ አሮጌ የብስክሌት ካቴና ጫፉን በሽቦ አስረህ ነው፤ ስትጨርስ ስበህ ታወጣዋለህ። ከዚያ አቼቶ ሞልተህ ቀንና ሌሊት ማቆየት ነው አለኝ።

ከዚያ ታንከሩን ገለበጠና ሥሩን በካቻቪቴ እጀታ መታ መታ አደረገው። ጆሮውን አስጠጋ። እንደገና መታ። ባዶውን ተደብቆ የከረመ ታንከር ሁሉ የሚመጣልኝ ሥሩ ተበስቶ ነው፣ ውሃው እዚያ ስለሚተኛ፤ የዚህ ሥር ግን አዲስ ነው፣ የዛገው ላዩ ብቻ ነው፣ ምን ነበረበት አለኝ። አመድ አልኩት።

"ይህን ያደረገ እጅ ይባረክ" አለ።

አመድ አሲድ አይደለም፣ ተቃራኒው ነው። ተቃራኒው ብረትን ከዝገት ይጠብቃል። በየዓመቱ ሰሌዳ ላይ የምጽፈው ይህንኑ ነው። አመዱ በደረሰበት ብረቱ ድኗል፣ ባልደረሰበት ዝጓል። ለእማ ያልኳትን ለገብሬ አልነገርኩትም። ለእማም ገብሬ ያለውን አልነገርኳትም። ነገ እነግራታለሁ።

ጥር 22፣ ዓርብ፣ ከጁምዓ በኋላ

አልነገርኳትም።

ካቴናው ሠራ። ክንዴ ግን የኔ አይደለም። ስምንት ጠርሙስ አቼቶ ከሦስት ሱቅ ሰበሰብኩ። አንዱ ባለሱቅ ሰርግ አላችሁ እንዴ፣ ለሰላጣው ነው አለኝ። አዎ አልኩት፣ ማስረዳት ሰልችቶኝ። ቤንዚን የሚወርድበትን የታንከሩን የታች ቀዳዳ በአሮጌ ሸበጥ ቁራጭ ወተፍኩት፣ ሞላሁት፣ ጥላ ውስጥ አስቀመጥኩት።

እስከ ነገ ምንም መሥራት የለብኝም። አልችልም። በየሰዓቱ እከፍታለሁ፣ አሸታለሁ፣ እዘጋለሁ። ዝ.ወ.ን አውጥቼ አነበብኩ፣ አጠፍኩ፣ እንደገና አወጣሁ። እማ በበሩ አለፈች። ጽሑፉ ላይ እጄን ጫንኩ። ማንበብ እንደማትችል እያወቅኩ።

ጥር 23፣ ቅዳሜ፣ 9 ሰዓት

ጠዋት ስደፋው ብር ሆኗል! ብር! በባትሪ ሳየው ዐይኔ ላይ አንጸባረቀ። በንጹሕ ውሃ አለቀለቅኩት፣ እንዲደርቅ ፀሐይ ላይ አሰጣሁት፣ ሙሄ ጋ ደወልኩ፣ ሐሙስ እመጣለሁ አለኝ፣ ምሳ በላሁ። ተመልሼ ሳይ ብርቱካን ለብሷል። ውስጡ በሙሉ። አንድ ሰዓት አልሞላውም።

አሲዱን ሳላጠፋ ውሃ አስነክቼ አየር ላይ ጥዬው ሄድኩ። አንድ የዘጠነኛ ክፍል ልጅ ይህን ቢሠራ ዜሮ እሰጠዋለሁ። የፍየሎቹን በረት በእርግጫ መታሁት። ፍየሎቹ በረገጉ። እማ ከማጀት ወጣች፣ ታንከሩን አየች፣ እኔን አየች።

አብሽር ብላኝ ተመለሰች። ሌላ ምንም የለም። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

የተጠቀምኩበትን አቼቶ አጥልዬ በጄሪካን አስቀምጬው ነበር፤ ያችን ያህል ዕውቀት አልጠፋችኝም። እንደገና ሞላሁት።

ጥር 24፣ እሑድ፣ 5 ሰዓት

ነገርኳት። ቁጭ ብላ ማሽላ ስትለቅም ነው። አመዱ አላበላሸውም፣ አመዱ ነው ያዳነው፣ ያጠፋሁት እኔ ነኝ፣ ይቅር በይኝ፣ አፉ በይኝ አልኳት። ከማሽላው ቀና አላለችም። ጠጠር ለቅማ ወረወረች። አፉ፣ አለች።

አቼቶውን ከደፋሁ በኋላ አሲዱን የሚያጠፋ ሶዳ እንደሚያስፈልገኝ፣ ሱቆቹ ጋ ደግሞ እንዳለቀ ስነግራት ተነሣች። በጀበና ሳይሆን በትልቁ ማንቆርቆሪያ ይዛ መጣች፤ የአመድ ውሃ፣ ዝቃጩ ወርዶ ከላይ የጠራው። ልብስ የምናጥብበት። አፍሬ ሳቅኩ። ፈጥነን ፈጥነን አደረግነው፦ አቼቶው ወጣ፣ የአመዱ ውሃ ገባ፣ እሷ በአንድ በኩል ይዛ እኔ በሌላው ናጥን፣ ደፋነው፣ በጋለ አሸዋ ላይ አዙረን አደረቅነው፣ ወዲያው ቤንዚንና ዘይት ቀላቅዬ ግድግዳውን አዳረስኩት። ብርቱካን አልመጣም። አንድ ሰዓት። ሁለት ሰዓት። አልመጣም።

ያን ጊዜ ሲያሳክከኝ የኖረውን ጠየቅኳት። ጦርነቱ ካለቀ ቆየ። ታንከሩን ላውጣው ባልኳት ቁጥር ያለበት ይቆይ ትለኝ ነበር። ለምን?

"የሱ ዕቃ እኔ ዘንድ ተቀብሮ ካለ፣ ዕቃውን ብሎ ይመጣል" አለች። "ካወጣሁት ምን ብሎ ይመጣል?"

እጄን ልታጠብ ሄድኩ።

ጥር 26፣ ማክሰኞ፣ 4 ሰዓት

ገጠምነው። ገብሬ ካርቡራቶሩን አጠበ፣ ካንዴላ ቀየረ። ረገጥኩ። የለም። ረገጥኩ። አሳለ። በዘጠነኛው ተነሣ! ጭሱ ግቢውን ሞላው፣ ዶሮዎቹ አጥር ዘለሉ። ገብሬ ጨፈረ፣ ያ ሁሉ ስድብ የት እንደገባ እንጃ።

ወደ ሮቢት ነዳሁት። አስፋልቱ ጭር ያለ፣ በግራ በቀኝ የማሽላ አገዳ ክምር። ነፋሱ ሸሚዜን ነፋው። ሮቢት ስደርስ አልቆምኩም። ጎብዬን አለፍኩ። ዝም ብዬ ብነዳ ወልድያ፣ ብነዳ ደሴ፣ ብነዳ ኮምቦልቻ። አዞርኩት። የሱ ነው።

ጥር 28፣ ሐሙስ፣ ማምሻ

መጣ። ከአውቶቡስ ሲወርድ አለፍኩት፤ ሌላ ሰው መስሎኝ። ከስቷል፣ ግንባሩ ላይ ጠባሳ አለ፣ ከየት እንደሆነ አልጠየቅኩም። እማ አንገቱን ይዛ ብዙ ቆየች። ከዚያ ራሷ እጁን ይዛ ወደ ሞተሩ ወሰደችው።

መዳፉን ታንከሩ ላይ አሳረፈ። ክዳኑን ከፈተ፣ አሸተተ፣ ዘጋ። እንደተውኩት ነው አለ። እማ እኔን አየችኝ፣ እኔ መሬቱን። ቆይቶ ግቢውን ዞር ዞር ብሎ አየና፣ ለሞተሩ ዳስ እንሥራለት፣ ክረምት ሳይገባ አለ። ክረምት አለ! ደብተር፣ ክረምት ድረስ የሚያስብ ሰው በረሃ አይገባም። ይቀመጣል። ከጀርባው እማን በጎን አስቀምጦ እስከ አስፋልቱ ደርሰው ተመለሱ። እጇን አውለበለበችልኝ።

ደስ ብሎኛል። ለምንድነው እንግዲህ እንዲህ የሚያቁነጠንጠኝ።

ጥር 30፣ ቅዳሜ፣ 8 ሰዓት

ቃላት ሳዘጋጅ ዋልኩ። እማ እንዲህ ነው ነገሩ... እማ ቅዳሜ ቅዳሜ እመጣለሁ... ትዕግሥቴ አለቀና ማጀት ገባሁ። አፌን ሳልከፍት፣ መቼ ነው የምትሄደው አለችኝ። ወረቀቱን ስደብቅ አይታለች። አሥር ጊዜ አጥፎ አሥር ጊዜ የሚዘረጋ ሰው ሊሄድ ነው አለች። ሰኞ አልኳት። ራሷን ነቀነቀች። አልተቆጣችም። ጥሩ ነው፣ አንተም ሰው ሁን አለች። ከዚያ፦

"ሙሄስ ታንከር ትቶልኝ ሄደ። አንተ ምን ትተህልኝ ትሄዳለህ?"

ወጥቼ ክፍሌን በረበርኩ። ጫማ፣ ይሄዳል። መጻሕፍት፣ የት/ቤቱ ናቸው። ልብስ፣ ይሄዳል። ተመልሼ የምመጣበት የሚሆን አንድ ዕቃ የለኝም። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ለመሄድ ስዘጋጅ የሚቀር ነገር አላበጀሁም።

የካቲት 1፣ እሑድ፣ ጠዋት 2 ሰዓት

የዘንድሮው ዘር ዛሬ ጉድጓድ ይገባል። ሙሄ አፉን ከፍቶ ገለባ እየጎዘጎዘ ነው። ዝ.ወ.ን ከመጨረሻ ገጽህ አውጥቼ ኪሴ ከትቻለሁ።

አንተ ግን ትቀራለህ። ገብቶሃል አይደል። ከአንተ ሌላ የኔ የምለው ነገር አጣሁ። በላስቲክ ሁለት ጊዜ እጠቀልልህና ከዘሩ ጋር ጉድጓድ ትገባለህ። እማ አትከፍትህም፣ ባለቤቱ ሳይመጣ። ከሥር ይሁን ብያታለሁ፣ አመዱ ከሚተኛበት፣ ላዩ ነው የሚበላው። አብሽር።

እየጠራችኝ ነው። ጣሳውን ይዛ ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆማለች፣ አመዱ ሞልቷል። መጣሁ።