ስለሰባበርኩት የለስላሳ ፍሪጅ የታዘዝኩት ይቅርታ

ለሆስፒታላችን ዋና ሥራ አስኪያጅ፣ ለክቡር ዶክተር
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ እንደምን ከረሙ? ጤናዎ፣ ወገብዎ፣ እንቅልፍዎ ሁሉ ደህና ነው ወይ? የእኛን ጤና ለመጠየቅ ጊዜ ስለሚያጥርዎ የሁለታችንንም ድርሻ እኔው ልጠይቅ ብዬ ነው። እኔ የማዋለጃ ክፍሉ ነርስ ነኝ፤ ባለፈው ሳምንት በግሉኮስ መስቀያ ብረት በሠራተኞች ማረፊያ ያለውን የለስላሳ ፍሪጅ ያደቀቅኩት። የዲሲፕሊን ኮሚቴው «ይቅርታ ጽፈሽ ሁሉም እንዲያነበው ሰሌዳ ላይ ለጥፊ» ስላለኝ፣ ትእዛዝ አክባሪ ነኝና ይኸው እየጻፍኩ ነው። ከይቅርታው በፊት ግን ምስጋናዬን ላስቀድም፤ ምስጋና የሚገባውን ሰው ሳያመሰግኑ ማለፍ ነውር ነው።

አንደኛ፣ የመመገቢያ ክፍላችን የቆዳ ወንበር ገብቶለት የእርስዎ መሰብሰቢያ አዳራሽ በመሆኑ እጅግ ኮርተናል። ከዚያ ወዲህ ምሳችን አንሶላ መጋዘን ውስጥ ቆመን የምንውጠው ብስኩት፣ ውሃችንም ከዚያው ፍሪጅ የምንመዘው ለስላሳ ሆኗል። ፍሪጁን በስጦታ ያመጣልን ነጋዴ እጅዎን ጨብጦ ፎቶ ሲነሳ፣ ከራሳችሁ በላይ «ጤናማ ሠራተኛ ለጤናማ ኅብረተሰብ» የሚል ጨርቅ ተሰቅሎ ነበር። እኔ እንኳ አንጀቴ እያረረ አጨብጭቤያለሁ።

ሁለተኛ፣ በሠራተኞች የጤና ቀን ወገባችንን በሜትር አስለክተው፣ ጣታችንን በመርፌ አስወግተው ጉዳችንን ስላሳዩን አመሰግናለሁ። ግፊቱ፣ ስኳሩ፣ የደም ቅባቱና ቦርጩ ተጠራርተው አንድ ሰው ላይ ሲሰፍሩ ሜታቦሊክ ሲንድረም እንደሚባል በሽተኛን ስናስተምር የኖርን ሰዎች፣ ያን ቀን ትምህርቱ በራሳችን ላይ ደረሰ። እርስዎም ውጤቱን ሰምተው በማይክሮፎን «ተመችቷችኋል ማለት ነው!» ብለው ሳቁ። አለቃ ሲስቅ አለመሳቅ ያስጠይቃልና እኛም ሳቅን።

ሦስተኛው የራሳችን ጅልነት ነው፤ በእርስዎ አላላክክም። ከጤና ቀኑ በኋላ በክፍላችን የግፊት መለኪያ እርስ በርስ ስንለካካ ማሽኑ ሁላችንንም ከልክ በላይ አነበበን። መቼም አዋላጅ ሁሉ በአንድ ጊዜ አይታመምም ተባባልንና ማሽኑን ረገምነው፤ «ተበላሽቷል» የሚል ፕላስተር ለጥፈን ቁም ሳጥን ላይ ወረወርነው። በሽተኛ እንዲህ ቢያደርግ ጣራው እስኪነቃነቅ የምንጮህ እኛው ነን! በዚያ የጤና ቀን ከእርስዎ ጋር ያልሳቀችው አንዲት ሴት ብቻ ናት፤ ቁጭ ስትል ታይታ ስለማታውቅ ሁሉም «ብረቷ» የሚላት፣ እኔ ግን ሥራውን በእጇ ስላስያዘችኝ እትዬ የምላት አዋላጅ። እትዬ ቢሮዎ ድረስ መጥታ «ራሴን ያዞረኛል፣ ድርብ ፈረቃውን ይቀንሱልኝ» ብላ ለመነችዎት። እርስዎም «ይህን የመሰለ ሰውነት ይዘሽ? ፊትሽ እኮ ወዝ በወዝ ነው!» ብለው አበረታትተው መለሷት። እግዜር ይስጥልን።

አራተኛ። እዚህ ላይ ምስጋናው ትንሽ ያንቀኛል፤ ይታገሱኝ። አንዲት እናት አምጣ አምጣ ሕፃኑ እትዬ እጅ ላይ እንደወጣ፣ ቀኝ እግሯ ከዳት። ሕፃኑን በግራ ክንዷ ደረቷ ላይ ለጥፋ እንደተገነደሰ ግንድ ወደቀች። ግንባሯ የአልጋውን ብረት ሲመታ የተሰማው ድምፅ ዛሬም እህል ስቀምስ ይመጣብኛል። የወላዷ ደምና የእሷ ደም ወለሉ ላይ አንድ ሆነ። ሕፃኑን ለመውሰድ ጣቶቿን አንድ በአንድ መፈልቀቅ ነበረብኝ፤ አልለቅም አለች። እሱን ጭረት እንኳ አልነካውም። የእሷ አፍ ግን ወደ ጎን ተጣመመ፣ ቀኝ እጇና እግሯም በዚያው ቀሩ። ያን የረገምነውን ማሽን አውርደን ስንለካት፣ ከሌላ ክፍል ከመጣው መለኪያ ጋር አንድ ዓይነት ቁጥር አነበበ።

በማግስቱ ሊጠይቋት መጡ፤ እግርዎን አያሳምመው። ራስጌዋ ቆመው «ድሮም ሆዷን አትችልም ነበር፤ ይህ የሥራ ላይ ጉዳት ሳይሆን የሆድ ጉዳት ነው» አሉ። እትዬ መናገር አቃታት እንጂ መስማት አላቃታትም፤ እንባዋ ወርዶ ጆሮዋ ውስጥ ሲገባ አይቻለሁ። ሆዷን አትችልም የተባለችው ሴት ምሳዋን ለወላዶች አስታማሚ ሰጥታ ብስኩት ስትቆረጥም የኖረች ናት። ያቺ ቃልዎ ከጸናች ወጪዋን ሆስፒታሉ ስለማይሸፍን እትዬ ሰኞ አልጋዋን እንድትለቅ ትደረጋለች፣ እጅና እግሯን ሊመልስላት የሚችለው ሕክምና ይቋረጣል፣ ከሥራም ትሰናበታለች።

ደሜ ፈላ። የግሉኮስ መስቀያውን ብረት ያነሳሁት፣ ለምን እዋሻለሁ፣ ወደ ቢሮዎ ለመምጣት ነበር፤ መንገድ ላይ ፍሪጁ ቀደመዎት እንጂ። መስታወቱን ስለው ፈነዳ። ጠርሙሱን ከነመደርደሪያው አረገፍኩት፣ በሩን ከማጠፊያው ገነጠልኩት፣ «ጤናማ ሠራተኛ» የሚለውን ጨርቅ ከግድግዳ ላይ በጥርሴ ጭምር ቦጫጨቅኩት። ዘበኛው ከኋላ ቢያንቀኝ ክንዱን ነከስኩት፤ እሱን ይቅርታ ጠይቄዋለሁ፣ ቁስሉን ያጠብኩለትም እኔው ነኝ። ስመታ የማን ፊት ይታየኝ እንደነበር ለክብርዎ ስል አልጽፍም።

እንግዲህ በታዘዝኩት መሠረት ይቅርታ እጠይቃለሁ፦ ያን ፍሪጅ ዘግይቼ ስለሰበርኩት። እትዬ በእግሯ ቢሮዎ መጥታ የተመለሰች ዕለት መድቀቅ ነበረበት። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ ዝም ባልን ቁጥር የነቀዝነው ግን እኛ ነን። ስለዚህ ከሰኞ በፊት «የሥራ ላይ ጉዳት» በሚለው ላይ እንዲፈርሙ እለምንዎታለሁ። ስለመናደዴ የሚጠራጠሩ ከሆነ፣ የግሉኮስ ብረት በየአልጋው ራስጌ አንድ አንድ እንደቆመ በትሕትና አስታውሳለሁ።

ቆማ የምትበላ፣ ቆማ የምታዋልድ፣ ቁጭ ለማለት እስክትወድቅ ፈቃድዎን የምትጠብቅ ታዛዥዎ፣
የማዋለጃ ክፍል ነርስ

ማሳሰቢያ፦ ልጅዎ በቅርቡ እንደምትወልድ ሰምተን ደስ ብሎናል። ከብረቷ እጅ በቀር በማንም እጅ እንዳትወልድ አደራ ብለው እንደነበር እናውቃለን፤ ያ እጅ ዛሬ ማንኪያ አይጨብጥም። እርስዎ ባጸደቁት የፈረቃ ድልድል መሠረት በዚያ ሳምንት በድርብ ፈረቃ ክፍሉ ውስጥ የምገኘው እኔ ነኝ፤ ዛሬ ጠዋት የተለካው ግፊቴም እትዬ በወደቀችበት ቀን ከነበራት በልጧል። የልጅ ልጅዎን በሁለት እጄ እቀበለዋለሁ። ከወደቅኩ ግን፣ እንደ እሷ አቅፌው ለመውደቄ ዋስ መሆን አልችልም።